የወላጆች ቀን የማን ቀን ነው?

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በትምህርት ዘመን መዝጊያ ላይ ስለሚከበረው የወላጆች ቀን ነው። ርእሱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መምህራን ኑሮና ስለ ፈተና ውጤት ብዙ መነጋገር በሚገባን ጊዜ ስለ ልጆች መዝሙር፣ ስለ ቴያትርና ስለ ጆንያ ሩጫ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እኔ በዚህ ጉባኤ ፊት የቆምሁት በሁለት ወገን ሆኜ ነው። በአንድ በኩል እንደ እናንተ የጠመኔ ሰው ነኝ፤ በሌላው በኩል ደግሞ በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክ፣ ሁለት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ነኝ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ስመለከተው፣ ወላጅና ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የሚተያዩበት ዋነኛው ቀን ይህ ቀን ነው። ስለዚህም አከባበሩ አንድ ልጅ በሚመጣው መስከረም ተመልሶ ክፍል መግባቱን ወይም ከበግ ኋላ መቅረቱን እስከ መወሰን ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ኩልመስክን ለማታውቋት ጥቂት ልበል። ከወልድያ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርታል፤ በግ ያረባል። ብርዱ ብርቱ፣ መሬቱ ተዳፋት፣ እርሻው ጠባብ ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ወንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ እረኛ ያጣል፤ ሴት ልጅ ስትገባ ደግሞ እናቲቱ ውኃ የሚቀዳላትንና እንጨት የሚለቅምላትን እጅ ታጣለች። ስለሆነም ወላጁ ለትምህርት የሚከፍለው ዋጋ በደብተርና በእስክሪፕቶ ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ዋናው ዋጋ የልጁ ጉልበት ነው፤ ይህንንም ዋጋ በየማለዳው ይከፍለዋል።

የወላጆች ቀን የሚውለው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ነው። ሰኔ በደጋው የበልጉ ገብስ የሚደርስበት፣ ለመኸሩም መሬት የሚታረስበት ወር እንደ መሆኑ መጠን፣ ገበሬ በሬውን ፈትቶ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የአንድ ቀን እርሻ ትቶ መምጣቱ ነው። እናቶችም ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው በሜዳው ዳር ጥላቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የመጡት ንግግር ለመስማት አይደለም። የመጡት ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ ይኸውም የከፈልንለት ዋጋ ፍሬ አፍርቷልን የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጣቸው የሚመለሱ ከሆነ፣ ቀኑ የተከበረው ለእኛ ለመምህራኑና ለክብር እንግዶቹ እንጂ ለእነርሱ አይደለም።

የልጅን የትምህርት ፍጻሜ ማክበር ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያመጣልን ነገር እንዳይመስለን። አባቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ዳዊት በደገመ ጊዜም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው፣ የኔታን ጠርተው ዘመድ ጎረቤቱን ያበሉ ነበር። በወሎ ሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ ልጅ ቁርኣን ባኸተመ ጊዜ ቤተ ሰቡ ደስታውን በድግስና በዱዓ ይገልጻል። በሁለቱም ልማድ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዳዊት ድግስ የሚደገሰው ልጁ ዳዊት ስለ ደገመ ነው፤ ከጓደኞቹ ቀድሞ ስለ ደገመ አይደለም። ፈጣኑ ልጅ በአንድ ዓመት፣ ዘገምተኛው በሦስት ዓመት ቢደግም፣ ሁለቱም የደረሱበት ስፍራ አንድ ስለሆነ ሁለቱም ይመረቃሉ። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፣ የሚጠየቀው የያዘውን ማወቁን እንጂ ስንተኛ መሆኑን አይደለም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሁለት አዳዲስ ነገሮችን በዚህ ልማድ ላይ ጨመረ። አንደኛው መድረክ ነው፤ ሁለተኛው የማዕርግ ተራ ነው።

ስለ መድረኩ የምናገረው በምስጋና ነው። የአማርኛ ቴያትር ካደገባቸው ቦታዎች አንዱና ዋነኛው ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ከጠላት ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰው ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ሆነው ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ ያበቁ ነበር። በ1950ዎቹም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በሚያደርጉት የግጥም ውድድር፣ የደሃውን ኑሮ በአደባባይ ለማሰማት ችለዋል። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ያሰማው በዚሁ መድረክ ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት በዓል ላይ የሚቆም ልጅ ተራ ነገር የሚሠራ አይደለም። በኩልመስክ ሜዳም አንዲት ልጃገረድ በአምባሰል ቅኝት ድምፅዋን ስታሰማ፣ ወይም ልጆች የገበያ ውሎን በቴያትር አስመስለው ሲያሳዩ፣ ወላጆች በሳቅ ይፈነዳሉ፤ ከሳቁ በኋላም ዝም ብለው ያስባሉ። በቤት ውስጥ በታላላቆች ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚቆመው ልጅ፣ በዚያ ቀን ቀና ብሎ ይናገራል፤ ታላላቆቹም ያደምጡታል። ካርዱን ማንበብ የማይችል አባት የልጁን ትምህርት በዓይኑ የሚያየው፣ በጆሮውም የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ማዕርግ ተራው ግን ሌላ አስተያየት አለኝ። እንደሚታወቀው የየክፍሉ ኃላፊ መምህር ሮስተሩን ከሠራ በኋላ ተማሪዎቹ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረደራሉ። በወላጆች ቀን ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይጠራሉ፤ ደብተር፣ እስክሪፕቶ፣ አንዳንድ ጊዜም መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ። በአንድ ክፍል 60 ልጆች ቢኖሩ 3ቱ ይጠራሉ፤ 57ቱ አይጠሩም። የ57ቱም ወላጆች በሬያቸውን ፈትተው የመጡ ናቸው። እነዚህ ወላጆች የልጃቸውን ስም ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያስቡትን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «የእኔ ልጅ ለዚህ አልተፈጠረም» ይላሉ። በሰኔ እንዲህ ያለ ሰው በመስከረም ልጁን ለመመዝገብ ያመነታል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የጋብቻ ጥያቄ በመጣ ጊዜ እምቢ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት ያጣል።

ጎበዝ አይሸለም ማለቴ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። የደከመ ዋጋውን ማግኘት አለበት። የምለው ግን ተራ የሚነግረን ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ልዩነት እንጂ የተማረውን መጠን አለመሆኑን ነው። ደካማ በሆነ ክፍል ውስጥ 1ኛ የወጣ ልጅ ብዙ ላያውቅ ይችላል። ይህንንም የአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና በግልጽ አሳይቶናል። ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ዎቹ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ዎቹ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ የሆነበት ዓመት አልፏል። በእነዚያም ትምህርት ቤቶች ውስጥ በየሰኔው 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ እየተባለ ሲጨበጨብ መቆየቱን አንርሳ። ተራው ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያስገባው የልጁን ርምጃ ዓመቱን ሙሉ እየተከታተልን እንድንመዝን ነበር። እኛ ግን ምዘናውን ለሮስተር ማሟያ አደረግነው እንጂ፣ የልጁን ርምጃ ለወላጁ ማሳያ አላደረግነውም።

ታዲያ ልጅን ከራሱ ጋር እንዴት እናስተያየው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከስፖርት ሜዳ ነው።

በትምህርት ቤታችን ሜዳ በሚደረገው የዓመቱ መዝጊያ ውድድር እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ የጆንያ ሩጫ፣ የገመድ ጉተታ፣ የዱላ ቅብብልና የርዝመት ዝላይ አለ። ሴት ልጄ በ6ኛ ክፍል ሳለች በ800 ሜትር ከ8 ሯጮች 5ኛ ወጣች። በልማዱ ቢሆን ስሟ አይጠራም ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ግን አንድ ደብተር ነበረው። በጥቅምት ልጆቹን ሁሉ አሩጦ የእጅ ሰዓቱ ያሳየውን ጊዜ በየስማቸው አንጻር ጽፎ ነበር። በሰኔም ውድድሩ ሲያበቃ የስምንቱንም ስም እየጠራ፣ በጥቅምት የሮጡበትንና ዛሬ የሮጡበትን ጊዜ አነበበ። ልጄ በጥቅምት 3 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ ፈጅቶባት ነበር፤ በሰኔ በ3 ደቂቃ ከ12 ሰኮንድ ገባች። ይህ ሲነገር ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሂሳቡን በጣታቸው ቆጥረው «ሃያ ስምንት!» ብለው አጨበጨቡ። የአንደኛዋን ያህል ተጨበጨበላት። ከዚያች ቀን በኋላ የልጄ ጥያቄ «እገሊትን እቀድማት ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ከ3 ደቂቃ በታች እገባ ይሆን?» ሆነ። የመምህሩ መሣሪያ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ብቻ ነበር።

በትንሽ መሣሪያ ትልቅ ሥራ መሥራት እንደሚቻል ከአገራችን ታሪክ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። በአርሲዋ የበቆጂ ከተማ ሥንታየሁ እሸቱ የተባለው አሠልጣኝ ሥራውን የጀመረው እንደ እኛው በመምህርነት፣ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በማስተማር ነበር። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ትንሽ ከተማ ተነሥተዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአሰላ አጠገብ ካለው ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ደብተሩን በክንዱ ይዞ ይሮጥ እንደ ነበር፣ ከዚህም የተነሣ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር ያቀፈ እንደሚመስል ይነገራል። ይኸው ልጅ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር የዓለምን ሕዝብ አስደነቀ። ይህን የምናገረው የኩልመስክ ልጆች ሁሉ ኦሊምፒክ ይደርሳሉ ለማለት አይደለም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ልጆቻችንም በየማለዳው ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ያን ጉዞ የሚያይ፣ የሚመዘግብና ለወላጅ የሚነግር መምህር ካገኙ፣ ሜዳሊያ ባያገኙም በራሳቸው መታመንን ያገኛሉ።

በወሎ ስለ ትምህርት ስንናገር በቅርቡ ዘመን የሆነውን ማለፍ አይቻልም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ላስታ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ብዙ ወገን በሥጋትና በችግር ቆየ። በሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ዴስክና ጥቁር ሰሌዳቸው ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ተጀምሮ ዓመቱ ሲዘጋ በየቦታው የተደረገው በዓል ሽልማት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወላጆች ከሌላው ዓመት ይልቅ በዝተው መጡ። ልጆቹ ዓመቱን መጨረሳቸው ራሱ ሽልማት ሆኖ ነበርና 1ኛ ማን ወጣ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በ2016ና በ2017 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመዝጊያ በዓል ሳያደርጉ ቀርተዋል፤ የሚዘጋ የትምህርት ዘመን አልነበራቸውምና። በዓሉ ቅንጦት ነው ለሚለን ሰው መልሳችን ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም። የወላጆች ቀን የሚከበርበት መንደር ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የተማሩበት መንደር ነው።

እንግዲህ ንግግሬን ወደ ተግባር ልመልሰው። ገንዘብ የማይጠይቁ አራት አሳቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ የቀኑ ምርጫ ከወላጆች ጋር ተመክሮበት ይሁን። በደጋው የእርሻና የአጨዳ ሥራ የሚበረታበትን ሳምንት ገበሬው ያውቀዋል። የሚቻል ከሆነ ሥራ በማይሠራበት የበዓል ቀን ይደረግ፤ ጧት ተጀምሮም ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ።

ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን የእያንዳንዱ ልጅ ስም አንድ ጊዜ ይጠራ። ሁሉንም ባንድ ሜዳ መጥራት ጊዜ ይፈጃል ከተባለ፣ ወላጆች አስቀድመው በየክፍሉ ይግቡና የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። «በመስከረም ማንበብ አይችልም ነበር፤ ዛሬ ይህን ገጽ ያነብባል» ይበልና ልጁ በአባቱ ፊት ያንብብ። ለ60 ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል። አንድ ዓመት ሙሉ ለደከመ ልጅና ለከፈለ ወላጅ አንድ ደቂቃ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የስፖርት መምህሩን ደብተር ሌሎቻችንም እንውሰደው። ሩጫው በሰዓት እንደሚለካ ሁሉ፣ በ1ኛ መንፈቅ ዓመትና በ2ኛው መካከል የታየው መሻሻልም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ከሦስቱ ማዕርገኞች ጋር አብልጠው የተሻሻሉ ሦስት ልጆችም ይጠሩ፤ ሽልማቱ ባይኖር ጭብጨባው ይበቃል።

አራተኛ፣ መድረኩ ለልጆቹ ይለቀቅ። የክብር እንግዶች ንግግር ከትርዒቱ በኋላ ይሁን፤ አጭርም ይሁን። ወላጆች የመጡት ልጆቻቸውን ሊሰሙ ስለሆነ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ሁለት ሰዓት የእኛን ቃል እንዲያዳምጡ ማድረግ ቀኑን ከባለቤቶቹ መንጠቅ ነው። በላስታ የገና ጨዋታ ሲደረግ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ለዚያች ቀን ማንም በማንም ላይ አይቆጣም። የወላጆች ቀንም እንዲሁ ቢሆን፣ ርእሰ መምህሩ ከገበሬው ጎን ተቀምጦ ገመድ ጉተታውን ቢያይ፣ ወላጆችም ራሳቸው ገመዱን ቢይዙ፣ ክብራችን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ማኅበራችን ስለ መምህሩ መብትና ኑሮ ሲከራከር የኖረ ማኅበር ነው፤ ወደ ፊትም ይከራከራል። በዚህ ክርክር ውስጥ ከማንም በላይ የሚያስፈልገን ወዳጅ ወላጁ ነው። ልጁ ሲያነብብ በዓይኑ ያየ ወላጅ፣ ትምህርት ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ያቆማል፤ መምህሩ ሲቸገር አብሮ ይናገራል፤ ልጁንም ከትምህርት ገበታ የሚያስወጣ ነገር በመጣ ጊዜ «አይሆንም» ይላል። ይህን ወላጅ የምናገኘው በስብሰባና በደብዳቤ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የምናገኘው ራሱ ተነሥቶ፣ በሬውን ፈትቶ ወደ እኛ በሚመጣበት በዚያ አንድ ቀን ነው። በቀጣዩ ሰኔ ይህ ቀን በየትምህርት ቤታችን እንዲከበር፣ ዛሬ በራቸው የተዘጋውም ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የሚዘጉት የትምህርት ዘመን እንዲኖራቸው እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።